የስለቱ ጃንጥላና የእኔ ሆርሞን

በየቤቱ አንድ ተከሳሽ አይጠፋም። ወጥ ሲያር፣ ልጅ ሲያለቅስ፣ ላም ወተት ስትነሳ፣ ጥፋቱ የሚለጠፍበት አንድ ፊት የሌለው ባለጋራ ያስፈልጋል። ድሮ ይህን ወንበር የያዘው ዓይነ ጥላ ነበር። ቀጥሎ ብርድ ተረከበው፤ «ብርድ መትቶት ነው» ያልተባለለት በሽታ አልነበረም። እኔ ተማሪ ሳለሁ ጨጓራ ነገሠ። ዘንድሮ ግን ሆርሞን ተቆናጦበታል። ልጅቱ በር ስትወረውር ሆርሞን ነው፤ ልጁ ብጉር ሲያበቅል ሆርሞን ነው፤ ዶሮዋ ቶሎ ስታድግ እንኳ «ሆርሞን ወግተዋት ነው» ይባላል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይህ ነው። ለመሆኑ ተከሳሹ ራሱ ቀርቦ ቃሉን ሲሰጥ የሰማ አለ? እኔ ዛሬ ጠበቃው ሆኜ ቆሜያለሁ።

ጠበቃነቱ የሚያምርብኝ ሆኖ እንዳይመስላችሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ ባዮሎጂ የማስተምር፣ ሠላሳ አራት ዓመት የሞላኝ፣ ሰው ትክ ብሎ ሲያየኝ ነጠላዬን የማስተካክል ሴት ነኝ። ስለ ልብና ስለ ሳንባ ሳስተምር ድምፄ እስከ ግቢው በር ይሰማል። ስለ ጉርምስና የሚያወራው ምዕራፍ ሲደርስ ግን ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ ለጠመኔው ነው የማስረዳው። ተማሪዎቼ ያን ሰሞን «ቲቸር ከሰሌዳው ጋር የምታወራበት ሳምንት» ይሉታል አሉ። አልፈርድባቸውም። እኔ እኮ ቦሩ ሜዳ የቄስ ልጅ ሆኜ ነው ያደግሁት። በእኛ ቤት ከአንገት በታች ያለ አካል ስም አልነበረውም፤ «ሆዴን» ከተባለ ከደረት እስከ ጉልበት ያለው አገር በሙሉ ማለት ነው።

ስለዚህ አሁን የምነግራችሁ ነገር ሃያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ምሥጢር ነው። ለንስሐ አባቴ እንኳ ዙሪያውን ነው የዞርኩት። «አንድ ውሸት ዋሽቻለሁ» አልኳቸው። «ስለ ምን?» አሉኝ። «ስለ... ስለ ቀን አቆጣጠር» አልኩ። ግራ ተጋብተው ትንሽ ስግደት ሰጡኝና አለፉ።

ነገሩ የፈነዳው ባለፈው ግንቦት ነው። መቅደስ የምትባል የእኅቴ ልጅ አለች። እናቷ ለሥራ ዐረብ አገር ከሄደች ወዲህ እኔ ጋ ነው የምትኖረው። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ናት። በዚህች ዕድሜዋ የእኛ አገር ልጆች የሰሙትን የተኩስ ድምፅ ሰምታለች፤ ሻንጣ ሳያነሡ ከቤት መውጣት ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ የቀረውን እናንተው ሙሉት። እናቷ ዓርብ ዓርብ ትደውላለች። ዓርብ ካልደወለች ቅዳሜ በቤታችን በር ይናገራል። መቅደስ በር ዘግታ አታውቅም፤ በር ትወረውራለች። «ምሳ ብዪ» ስትባል በረዥሙ ትተነፍሳለች። ፀጉሯን ለማበጠር አንድ ሰዓት፣ ያበጠረችውን ለመበተን ሌላ አንድ ሰዓት ያስፈልጋታል። ይህ ሁሉ ሆኖ ደብተሯን ስከፍት ጽሕፈቷ አልተዛባም፣ ውጤቷ አልወረደም። እኔን ያስገረመኝ ይኸኛው ነበር።

ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ ዘይነባ በሩ በጮኸ ቁጥር ከወዲያ ሆና ታጽናናኛለች። «አብሽሪ እቴ! የእኔም ልጅ ጀማል እንዲሁ ነው። ወላሂ፣ ‹ደህና አደርክ› ስለው የሰደብኩት ነው የሚመስለው። ደግሞስ መቼ ነቅቶ? ሲተኛ ይውላል፣ ሲነሣ ደከመኝ ይላል» ትለኛለች። እኔም በልቤ፣ የእኛይቱ ቢያንስ ነቅታ ነው የምትጮኸው፣ እያልኩ እጽናናለሁ። የሰው ልጅ በጎረቤቱ ካልተጽናና በማን ሊጽናና ነው?

ወሬው እናቴ ዘንድ ደረሰ። ማን ነገራት አትበሉኝ፤ ከኮምቦልቻ እስከ ቦሩ ሜዳ ወሬ ብቻ የሚጭን ሚኒባስ አለ፣ መናኸሪያ አይገባም እንጂ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ አንድ ጀሪካን ጸበል ይዛ፣ ደሴ ላይ መኪና ቀይራ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ዓይኗን ጨፍና «ማርያም፣ ማርያም» እያለች ወርዳ፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በሬ ላይ ቆመች። መቅደስን ከላይ እስከ ታች አየቻት። ልጅቱ ሰላም ብላ ጉልበቷን ሳመችና ወደ ክፍሏ ገባች። በሩ ጮኸ። እናቴ ራሷን ነቀነቀች። «በቃ፣ ይቺን ልጅ ዓይን በልቷታል። ነገ ጠዋት ይዣት እሄዳለሁ። ሁለት ሱባኤ ትጠመቃለች» አለች።

የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሊጀመር የቀረው አሥራ አንድ ቀን ነው። ሁለት ሱባኤ ደግሞ አሥራ አራት ቀን። ይህን ለማስላት የሒሳብ መምህር መሆን አያስፈልግም፤ መቅደስ ዓመቷን ልታጣ ነው። ልጅቱ ፍርዱን ከውስጥ ሆና ሰምታለች። ልብሷን ስታጣጥፍ፣ የሻንጣዋን ዚፕ ስትስብ ይሰማኛል። እምቢ አላለችም፤ አላለቀሰችም። ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ስትመለስ በሩን በቀስታ፣ በሁለት እጇ ይዛ፣ ገጭ ሳታደርግ ዘጋችው። ያኔ ነው የፈራሁት።

አሁን ወደ ደንበኛዬ ወደ ሆርሞን ልመለስ። በዚያው ሰሞን ለትምህርት ዝግጅት ብዬ በስልኬ ሳነብ አንድ ነገር አግኝቼ ነበር። ጭንቀት አንድ ቀን መጥቶ ቢሄድ ግድ የለም፤ ወር ከወር ሲቆይ ግን እያደገ ያለ አንጎልን ይጎዳል። ይህን ሁላችንም በጥቂቱ እናውቃለን። አዲሱ ነገር ቀጥሎ ያለው ነው። በጉርምስና ጊዜ የሚመጡት ሆርሞኖች፣ እነዚያ በየቤቱ የሚረገሙት፣ አንጎሉን ከዚህ የሰነበተ ጭንቀት ሳይከልሉት አይቀሩም ብለው የሚጠረጥሩ ተመራማሪዎች አሉ። «ይሆናል» ነው የሚሉት፤ ያዩትም በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ ነው፤ ወደ ሰው ለመሻገር ገና ብዙ መንገድ አለው። ቢሆንም እኔ ስልኬን ይዤ ቁጭ አልኩ። ለካ ሌባ ነው እያልን ስናባርረው የኖርነው ሰውዬ የቤቱ ዘበኛ ሊሆን ይችላል! ዘበኛ ደግሞ አንዳንዴ ይጮኻል፤ አንዳንዴ ባለቤቱንም «ማነህ?» ይላል። በር ቢወረውር ምን ይደንቃል?

ይህን ለእናቴ ልነግራት ወሰንኩ። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች እንደሚባለው ነው። ግቢ ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች፤ የኮምቦልቻ ሙቀት ደጋ ለለመደ ሰው ቅጣት ነውና በነጠላዋ ጫፍ ታራግባለች። አጠገቧ ተቀመጥኩና «እማዬ... ዕድሜዋ ነው እኮ» አልኩ በለሆሳስ። «ዕድሜ እኔም ነበረኝ» አለች ከምስሩ ቀና ሳትል፤ «በር ግን አልደበደብኩም።» በልጅነቷ የነበረችበት ቤት በር የሌለው፣ ማታ ማታ በአጥር እንጨት የሚዘጋ እንደነበር አውቃለሁ፤ ግን እናት አትረታም። ይልቅስ «ጸበሉ ጥሩ ነው፤ ከፈተናው በኋላ ብትሄድስ?» አልኩ። እጇን ከሰፌዱ አነሣች። «አንቺንስ ፈተና ይለፍ ብዬ ጠብቄያለሁ? አሥረኛ ክፍል ሳለሽ፣ በዚያ በፈተናሽ ዓመት፣ ታመሽ የዳንሽው በምንድን ነው? በስለቴ አይደለም? ጃንጥላው ምስክሬ ነው!» አለች።

ጃንጥላው! እኔን ዝም የሚያሰኘኝ ምስክር እሱ እንደሆነ እሷ አታውቅም። ወይም አታውቅም ብዬ ነበር የማስበው። ምሥጢሩ ይኸውላችሁ፤ ጠጋ በሉ።

ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ከሁለት የአገሬ ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራየን። የገጠር ተማሪ ኑሮ ያው ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ መማር፣ ቅዳሜ ያደፈ ልብስ ተሸክሞ ወደ ቦሩ ሜዳ መውጣት፣ እሑድ አስቀድሶ በሶና ሽሮ ተሸክሞ መመለስ። ሁለቱ ጓደኞቼ አበባቸውን አይተው ነበር የመጡት። እኔ ገና ነበርኩ። አሥራ አራት አልፎ አሥራ አምስትን ጀመርኩ፤ የሚመጣ ነገር የለም። እናቴ በቀጥታ አትጠይቅም፤ በቤታችን በቀጥታ የሚጠየቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። «ሆድሽን አያምሽም?» ትለኛለች በየቅዳሜው። «አያመኝም» እላለሁ። ታዝናለች። ልጇን ሆዷን ስላላመማት የምታዝን እናት አይታችሁ ታውቃላችሁ? አክስቶቼም በተራ በተራ እየመጡ የሆዴን ነገር ጠይቀው በደኅንነቴ አዝነው ይሄዳሉ። አንድ ቅዳሜ ታከተኝ። የእናቴም ፊት እንዲፈታ ብዬ «አዎ፣ አሞኛል» አልኳት።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔ ስንቅ በየሳምንቱ ቀለለ፤ ውሸቴ ግን በየወሩ ከበደ። ምክንያቱም በሥርዓታችን ልማደ አንስት ላይ ያለች ሴት ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ቆማ ነው የምታስቀድሰው። እንግዲህ ዋሽቻለሁና በየወሩ አንድ እሑድ ውጭ መቆም ሊኖርብኝ ነው። የቄሱ ልጅ ስለሆንኩ ደግሞ ገባሁ ወጣሁ ሁሉም ያያል። በሒሳብ ደብተሬ መጨረሻ ገጽ ላይ የውሸት ቀን መቁጠሪያ አበጀሁ። የሌሎቹ አንዳንዴ ይዘገያል፣ አንዳንዴ ይቸኩላል፤ የእኔ ግን እንደ ሬዲዮ ዜና ሰዓቱን ጠብቆ ነው የሚመጣው።

ውጭ፣ ትልቁ ጽድ ሥር፣ የሚቆሙት ሴቶች አለቃ እትዬ ዝናሽ ነበረች። ማን መቼ እንደቆመች፣ ማን ወሯን እንደዘለለችና በስንተኛ ወሯ እንደምትወልድ የቀበሌው መዝገብ ሳያውቅ እሷ ታውቃለች። በእሷ ዓይን ሥር ነው እንግዲህ ዓመት ከሦስት ወር የተወንኩት። ኧረ ተዉኝ፣ ያ ጊዜ! አባቴ «ውጤቷ ከወረደ ትመለስ» ብለዋል። የኪራይ ክፍላችን ብርዱ አጥንት ይገባል። ፈተናው ይመጣል። በዚህ ሁሉ ላይ ይህን ውሸት ተሸክሜያለሁ። ያነበብኩት አይያዝልኝም፤ ስሜ ሲጠራ እንኳ «አቤት» ለማለት አስብ ነበር።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ፣ የአስተርእዮ ማርያም ዕለት። ያለፈው እሑድ በቀን መቁጠሪያዬ መሠረት ውጭ ቆሜ፣ እትዬ ዝናሽ አእምሮ ላይ ተመዝግቤ ጨርሻለሁ፤ ያን ቀን በነጻነት ውስጥ ገብቻለሁ። ታቦቱ ሊወጣ ሲል፣ ከበሮው ሲጠብቅ፣ ሆዴን ቆረጠኝ። ያን ሁሉ ወር ስለ ሆድ ሕመም ስተርክ ኖሬ እውነተኛው ሲመጣ አላወቅሁትም፤ እህል ሳልቀምስ ስለቆምኩ መስሎኝ ነበር። ሲገባኝ ነጠላዬን ወገቤ ላይ ጠምጥሜ ሕዝቡን በክርኔ እየሰነጠቅሁ ወጣሁ። ጽዱ ሥር ስደርስ እትዬ ዝናሽ ዓይኗን አጠበበች። «አንቺ ልጅ፣ ያለፈው እሑድ እዚሁ አልነበርሽም እንዴ?» አለችኝ። ምን ልበላት? «ያኛው የውሸት ነበር» ልበል? ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እትዬ ዝናሽ እጅ ላይ ግን ዝምታም ይነቅዛል። ታቦቱ ቤተ ክርስቲያኑን አንዴ ዞሮ ሳይጨርስ፣ የቄሱ ልጅ ወንጌል ላይ እንዳለችው ሴት ደም ይፈሳታል የሚለው ወሬ ሦስቴ ዞሮ ጨርሶ ነበር።

እናቴ እየሮጠች መጣች። ግንባሬን ዳሰሰች። ወገቤ ላይ የታሰረውን ነጠላ አየች። ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞራ እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ መሬት ሳመች። እናቴ በእኔ ውሸት የተነሣ ጤነኛ ልጇ ልትሞትባት መስሏት ታለቅሳለች! እዚያው እውነቱን ብናገር ደግ ነበር። አፈርኩ። ወዲያውም ሕመሜ «ዳነ»፤ መቼ ነበረና። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩት ይያዝልኝ ጀመር፤ ግንቦት ላይ ተፈተንኩ፤ በጥሩ ውጤት አለፍኩ።

በዓመቱ በዚያው በዓል እናቴ ጊደሯን ሸጣ ስለቷን አስገባች። ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን የወርቅ ዘርፍ የተንዠረገገበት ትልቅ ጃንጥላ። «ልጃቸው ታማባቸው፣ እመቤታችን ምራላቸው፣ ስለታቸውን ይዘው መጥተዋል!» ተብሎ ታወጀ። እልልታው ቀለጠ። እኔ ከፊት ቆሜያለሁ። ያልታመመ ሰው እንዲህ በክብር ድኖ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ያ ጃንጥላ ከታቦቱ በላይ ሲዘረጋ ዘርፉ በተወዛወዘ ቁጥር «ውሸታም፣ ውሸታም» የሚለኝ ይመስለኛል። በእግዚአብሔር ቤት ውስጥ በእኔ ቅጥፈት የተገዛ ዕቃ አለ ብዬ ነው ይህን ሁሉ ዓመት የኖርኩት።

እንግዲህ ያ ጃንጥላ ነው አሁን መቅደስ ላይ የሚመሰክረው። ዝም ካልኩ ልጅቱ ዓመቷን ታጣለች። ከተናገርኩ የእናቴን ትልቁን ኩራት፣ አገር ያጨበጨበለትን ስለቷን፣ በእጄ አፈርሰዋለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ የእኔም መቀነት የሚፈታበት ቀን ደረሰ። እናቴን ሳይሆን ምስሩን እያየሁ ሁሉንም ነገርኳት። የውሸት ሆድ ሕመሙን፣ ደብተሩን፣ እትዬ ዝናሽን፣ በበዓሉ ዕለት የመጣብኝ የመጀመሪያዬ እንደነበረ፣ ታምሜ እንደማላውቅ፣ ሁሉንም። ጨርሼ ሳበቃ ጆሮዬ ይግላል።

እናቴ ምስር መልቀሟን አላቋረጠችም። አንዲት ጠጠር አንሥታ ጣለች። «ጨረስሽ?» አለች። ጨረስኩ አልኳት። «ቅዳሜ ቅዳሜ ተሸክመሽው የምትመጪውን ልብስ የሚያጥብልሽ ማን ይመስልሽ ነበር?» አለችኝ።

ከምስሩ ቀና ብዬ አየኋት።

«አሞኛል ያልሽኝ ሳምንት ልብስሽን አጥቤ ሳሰጣ ምንም ምልክት አጣሁበት፤ አወቅሁ። በወሩም አየሁ፤ በሁለተኛው ወርም አየሁ። ይቺ ልጅ እኔን ለማስደሰት ብላ ዋሸች አልኩ። ማርያም ደጅ ሄጄ ነገርኳት፦ ልጄን እንደ እኩዮቿ አድርጊልኝ፣ ይህን ውሸቷን እውነት አድርጊላት፣ እኔም ጃንጥላ አገባለሁ ብዬ።»

«ታዲያ ያን ቀን ያለቀስሽው...»

«ደስ ብሎኝ ነዋ! ዓመት ሙሉ የለመንኩት በራሷ በዓል ቀን ሲሰጠኝ አላለቅስ?»

«ዐዋጁስ? ‹ታማ› የተባለው?»

«አባትሽ ባሉበት፣ ያ ሁሉ ካህን በቆመበት፣ ታዲያ ምን ተብሎ ይታወጅ?» አለችኝና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። «አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?» አለች። አፍሬ ነው አልኩ። «እኔም አፍሬ ነው። ማፈርን ከትምህርት ቤት ያመጣሽው መስሎሻል እንዴ? ከእኔ ነው የወረስሽው።»

አስቡት እንግዲህ። ቅጥፈቴ ነው እያልኩ ሃያ ዓመት የሸሸሁት ጃንጥላ ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ በትክክለኛ ስለት የገባ፣ ንጹሕ ጃንጥላ ኖሯል። በአጭሩ፣ ቦሩ ሜዳ ላይ ለሆርሞን የተሳለ ጃንጥላ አለ። ምናልባትም በዓለም የመጀመሪያው ነው። እልል የተባለልኝም ከበሽታ ስለዳንኩ ሳይሆን በማደጌ ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በደረቴ ውስጥ ጎብጦ የቆየ አንድ ነገር ቀና ብሎ ቆመ።

በዚህ ድፍረቴ ነገሩን ቀጠልኩ። ሆርሞን የሚባለው ያ አንቺ የተሳልሽለት ነገር ነው አልኳት። ተመራማሪዎቹ የሚጠረጥሩትን፣ ስለ ዘበኛው፣ ስለ ሰነበተ ጭንቀት፣ ሁሉንም በአማርኛ አስረዳኋት። እርግጥ እንዳልሆነም አልደበቅኋት። ለራሴም ሳስበው፣ አሥረኛ ክፍል እንደዚያ አእምሮዬ ተከፍቶ ያለፍኩት ሆርሞኑ መጥቶልኝ ነው ወይስ ውሸቴ እውነት ሆኖ ሸክሜ ስለቀለለ? ሳይንስም እኔም አናውቅም። እናቴ ግን እርግጠኛ ለመሆን ቤተ ሙከራ አያስፈልጋትም። «ማርያም ስትልክ ባዶ እጅ አትልክም። ጣጣውን ስትልክ ጠባቂውንም አብራ ልካ ነው» አለች። ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ለመቅደስስ መጥቶላታል?» አለችኝ። ከመስከረም ጀምሮ አልኳት። «በምን አወቅሽ?» አለች። «ልብሷን የማጥበው እኔ አይደለሁ?» አልኩ። በዚህስ መምህርት መሆኔን አመነች።

በሩ በቀስታ ተከፈተ። መስኮቱ ክፍት ነበርና ልጅቱ ሁሉንም ሰምታለች። ሻንጣዋን በሁለት እጇ ይዛ ቆማ «እማማ፣ ልፍታው?» አለች። እናቴ አየቻት። «ፍቺው። ጸበሉን እዚሁ ጠዋት ጠዋት ትጠጫለሽ፤ ከዚያ ትማሪያለሽ። እኔም ፈተናሽ እስኪያልቅ የትም አልሄድም» አለች። መቅደስ እየሮጠች ገባችና በሩን ወረወረችው። ቤቱ ተናወጠ፤ ከመደርደሪያው አንድ ሲኒ ወደቀ። እናቴ ጣቷን ወደ ላይ ቀስራ «ሰማሽው? ዘበኛው!» አለችኝ። እንደዚያ አብረን ስቀን አናውቅም።

እነዚያን አሥራ አንድ ቀናት እናቴ በር በጮኸ ቁጥር እንደ ምርቃት «አሜን» ትል ነበር። ዓርብ ስልክ ሳይደወል ቀርቶ ልጅቱ ስታለቅስ አጠገቧ ተቀምጣ ጀርባዋን ታሻታለች እንጂ ስለ ዓይን አንሥታ አታውቅም። ዘይነባ በግድግዳው በኩል «ደኅና ናችሁ?» ስትል «ደኅና ነን፤ እያደግን ነው!» የምትመልሰው እናቴ ናት።

ውጤት የመጣ ቀን ቤታችን ጠባብ ሆነ። መቅደስ ከትምህርት ቤቷ ሴቶች አንደኛ ወጥታለች። እናቴ ለዚሁ ብላ ከቦሩ ሜዳ ወርዳ ነበርና ግቢው መካከል ቆማ እልልታዋን ለቀቀችው። ከፋብሪካ ፈረቃ ጨርሰው የሚመለሱ ሴቶች መንገድ ላይ ቆሙ። ዘይነባ አንድ እግሯን ብቻ ተጫምታ እየሮጠች መጣች። «ማሻአላህ! አልሃምዱሊላህ! እማማ፣ ይቺ ስትጮኽ የከረመች ልጅ በምን አጥንታ ነው እንዲህ ያመጣችው?» አለች።

እናቴ፣ የቄስ ሚስት፣ በዘመኗ ከአንገት በታች ያለ ነገር ስም ጠርታ የማታውቀዋ ሴት፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ከደጅ እስከ አስፋልት በሚሰማ ድምፅ «ሆርሞኗ ነዋ! ጭንቀትን የሚመክተው እሱ ነው! ልጄ መምህሯ አስረድታኛለች!» አለች። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ተደበቅሁ። ዘይነባ ደረቷን መታች። «ወላሂ አንድ ነገር ሰጥታት ነው ብዬ ጠርጥሬ ነበር! እቴ፣ ለጀማልም ይሆናል? የትኛው ፋርማሲ ነው ያለው?»

እናቴ ወደ መጋረጃው ዞረች። ዘይነባ ዞረች። የፈረቃው ሴቶችም ዞሩ፤ እንዲያውም ሁለቱ ግቢ ገብተዋል። ምን አማራጭ አለኝ? ወጣሁ። «አይሸጥም!» አልኩ፤ ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ። «አይሸጥም፤ በራሱ ነው የሚመጣው። ጀማልም አለው። የወንድም አለ፣ የሴትም አለ!» ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ፤ ፊቴን ወደ ሰው አድርጌ ምዕራፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገርኩት። የፋብሪካ ሴቶቹ ጥያቄ ጠየቁ፤ መለስኩ። እናቴ ስህተት እንዳልሠራ እንደሚከታተል ሱፐርቫይዘር ራሷን እየነቀነቀች ሰማችኝ።

ዘይነባ ዓይኗ በርቶ፣ አንድ እግሯን እንደተጫማች፣ ወደ ቤቷ ሮጠች። ወዲያው ከግድግዳው ማዶ ብርድ ልብስ ሲገፈፍና ድምፅዋ ሲያስተጋባ ሰማን፦

«ጀማል! ተነሥ አንተ! ይህን ሁሉ ሆርሞን ታቅፈህ ነው የምትተኛው?»